ጋኔኔን መቅኔዬ ውስጥ ፈለጉት

ሰኞ

ሆስፒታል ነርሷ ለፈቃዱ ወረቀት የአሻራ ቀለሙን ገፋ አደረገችልኝ። መጻፍ ትችያለሽ ወይ እንኳ አላለችኝም። ስሜን እስከ አያቴ ጻፍሁላት። ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቦታው ጠቦ ነው እንጂ ቅድመ አያቴንም እጨምር ነበር።

ከዚያ በሆዴ አስተኝተው፣ ዳሌዬን አደንዝዘው፣ አጥንቴን በወፍራም መርፌ ወጉት። መቅኔ ሊቀዱ ነው። ሐኪሙ እንዳለኝ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ከመቅኔ ይፈልቃሉ። ከልክ ሲያልፉ ገላ ያሳክካሉ፣ ፊት ያቀላሉ፣ ብርድ ሲነካቸው ሰው ይጥላሉ። ልክ የእኔኑ ሕመም ነው የነገረኝ። ፊቴ ሲቀላ ጎረቤት አረቄ ጠጣች ይለኛል። ጠላ እንኳ የሚያሳክከኝን ሴት!

ማክሰኞ

ዳሌዬ ይጠዘጥዛል። ቆሜ ነው የምጽፈው።

ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ መጣ። ባለፈው ፍልሰታ ጠበል የወሰደኝ እሱ ነው። በዚያ የክረምት ብርድ ሲያጠምቁኝ ራሴን ሳትሁ። ከመውደቄ በፊት ልቀቁኝ ብያለሁ፤ ማን አይልም? እነሱ ግን ጋኔኑ ጮኸ አሉ። ይኸው ሰፈሩ ከሱቄ ሽንኩርት መግዛት ተወ። ሽንኩርቱ ምን አደረገ?

ዛሬም ያንኑ የጋኔን ወሬ አመጣ። «መቅኔሽ ንጹሕ ከሆነ ሱቁን ዘግተሽ ጠበል ትከርሚያለሽ» አለኝ። እሺ አልሁ። ምነው እሺ አልሁ? ምላሴን ይቁረጠው።

ሐሙስ

ውጤት የለም። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ነገ አለ። ትናንትም ነገ ብሎ ነበር።

መቅኔዬ ከጠፋስ? ንጹሕ ከሆነስ? በሽታ እንዲገኝብኝ የምጸልይ ሰው አደረጉኝ።

ዓርብ

ተገኘ። ሐኪሙ አያ ታከለን አስቀምጦ ነገረው። ሕዋሳቱ መቅኔዬ ውስጥ ተከማችተው ታይተዋል። ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ይመስላል። ክኒን አለው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ክልክል ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ኋላ ትዝ አለኝ፤ በሽታ እኮ ነው የተገኘብኝ።

አያ ታከለ እንደሆን ይቅርታማ ከእሱ አይጠበቅም። ቤት ስንገባ የጠበሉን ጀሪካን ከፈተ፤ በድስት ጣደው፤ ጣቱን ነክሮ ለካ።

«ለብ ብሏል፣ ታጠቢ» አለኝ።

ታጠብሁ። አልወደቅሁም።

ነገ ግን ጋኔን ሳይሆን በሽታ እንደሆነ ሰፈሩን እየዞረ ራሱ ይንገራቸው። እሱ ካፈረ የሱቄ በር ላይ እኔ እጽፈዋለሁ፤ በትልልቁ።