ጸበል የነካው ቅጠል

መስከረም 19፣ ቅዳሜ

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል! በሮማ ከተማ፣ ቼንቶቼሌ ሰፈር፣ ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ባለው ጣሪያ፣ ከቲማቲም ባልዲዎች ጀርባ ተወልደው ያደጉት ሦስቱ እህትማማቾች ባደረባቸው ድንገተኛ መቀስ ዛሬ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ዕድሜያቸው አምስት ወር ነበር። ትልቋ ልዕልቲ ትባል ነበር። የሁለቱን ስም ረስቼዋለሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አስከሬናቸው ቁልቁል ተሰቅሏል። ለቅሶ መድረስ ክልክል ነው።

በቃ... ጋንጃ ነው። ለማንም ስለማይነገር እዚህ ልተንፍሰው። በአማርኛ የምጽፈው እህቴ ሔራን ፊደል ስለማትቆጥር ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እጇ የማይገባበት መሳቢያ የለም፤ "ሀ"ን ስታይ ግን የተገለበጠ ወንበር ይመስላታል። እማዬ ማንበብ ትችላለች፤ ቢሆንም ዕድሜዋ መነጽሯን ስትፈልግ ነው የሚያልቀው። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ አባ ወልደንኪኤል ናቸው፣ እሑድ እሑድ፣ ጆሮዬን እየጠመዘዙ። ምን ላይ እንዳዋልኩት ቢያዩ...

የሰቀልኩት ሪፖስቲሊዮ ውስጥ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ መጥረጊያና የክረምት ካፖርት የሚታጎርባት ጠባብ ጨለማ ክፍል። ጓደኛዬ ዮሲ ነው ሙያውን የነገረኝ። ጨለማ፣ ትንሽ አየር፣ ብዙ ትዕግሥት። ፀሐይ ከነካው ገለባ ይሆናል አለ። አሥር ቀን ያህል ይደርቃል። ከዚያ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ፣ ክዳኑ በየቀኑ ትንሽ እየተከፈተ ይተነፍሳል። "እንደ ጥሩ ወይን ጠጅ" አለኝ። ዮሲ እኮ ወይን ጠጅ የሚያውቀው በካርቶን ነው።

መስከረም 20፣ እሑድ

ሸተተ።

መስከረም 21፣ ሰኞ

በጣም ሸተተ። እማዬ ፕራቲ ሰፈር አንዲት አሮጊት ሲኞራ ነው የምትንከባከበው። ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"ኤፊ፣ ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?"

"እግሬ ነው።"

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። አፌ ከኔ ቀድሞ ነው የሚዋሸው። ደግነቱ አሮጌ ጫማዎቼን ሪፖስቲሊዮው በር ላይ ደርድሬያቸው ነበር።

"የሰው እግር እንዲህ ይሸታል?"

"አድጌአለሁ እኮ እማ።"

ይሄን የምጽፈው እግሬን ኮምጣጤ ባለበት ሳፋ ውስጥ ነክሬ ነው። ሔራን ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ቪዲዮ ትቀርጸኛለች። "ኬ ስኪፎ!" ትላለች። አስቀያሚ ማለቷ ነው። ለእግሬ ነው ለኔ? አልጠየቅኳትም።

መስከረም 23፣ ረቡዕ

ጠዋት ገበያ ሣጥን ሳወርድ ውዬ፣ ከሰዓት ቤት። ማንም የለም። (ትምህርት ቤትና እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት ላይ ተለያይተናል። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።) ኮሪደሩ ወለል ላይ ተጋደምኩ፣ ጆሮዬን ሪፖስቲሊዮው በር ላይ አድርጌ። ከኩሽናው መስኮት የጥቅምት መዳረሻ ፀሐይ ትገባለች፣ ማር ይመስል። ወለሉ ሞቅ ብሏል።

ቅጠል ሲደርቅ ድምፅ አለው? አለው መሰለኝ። ቀስ ያለ... ሰው በሩቅ ወረቀት ሲያጣጥፍ ዓይነት። ሽታው ደግሞ ተለውጧል። መጀመሪያ የታጨደ ሣር ነበር። አሁን ሎሚ አለበት፣ በርበሬ አለበት፣ ዝናብ የመታው ጥድ አለበት። አገሬን የማውቀው በሁለት ክረምት ጉብኝት ነው። ግን አንድ ቀን ከአያቴ ቤት ጀርባ ጫካ ውስጥ ጠፍቼ ነበር፤ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

እንቅልፍ ወሰደኝ። ሦስቱ እህትማማቾች በሩን ከፍተው ወጡ። ነጭ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ቁልቁል ሳይሆን ወደ ላይ ነው የተዘረጋው። ልዕልቲ ጎንበስ ብላ፣ "ኤፊ፣ መቼ ነው የምትበስለው?" አለችኝ። እኔ ነኝ የምደርቀው ወይስ እናንተ? ልላት ስል ሔራን ሆዴን ረግጣ አለፈች።

መስከረም 25፣ ዓርብ

እማዬ ደብዳቤ ይዛ ገባች። የዜግነቷ ወረቀት ካለቀ ከርሟል፤ የቀረው ጁራሜንቶው፣ መሐላው፣ ብቻ ነበር። ቀኑ ተቆረጠ። ጥቅምት 14፣ ሙኒቺፒዮ፣ ማዘጋጃ ቤቱ። ሃያ ሁለት ዓመት! ሃያ ሁለት ዓመት ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ሰልፍ ቆማለች። እኔ እዚህ ስለተወለድኩ አምና አገኘሁ። ያኔ ለኔ ኬክ ገዝታ ራሷ ደግሞ በማግስቱ ኩዌስቱራ፣ ፈቃድ ሰጪው ፖሊስ ጣቢያ፣ ተሰለፈች። አሁን እሷ ስትምል ሔራንም አብራ ታገኛለች።

የምትምለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለሪፐብሊኩ ልትታመን፣ ሕገ መንግሥቱንና የአገሪቱን ሕጎች ልትጠብቅ። ወረቀቱን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። የት? ከሪፖስቲሊዮው በር አጠገብ! መብራቱ እዚያ ጥሩ ነው አለች።

"ጁሮ ዲ ኤሴሬ ፌዴሌ አላ ሬፑብሊካ... ኤ ዲ ኦሴርቫሬ... ኦሴርቫሬ..."

"ላ ኮስቲቱሲዮኔ፣ ሲኞራ ጽጌረዳ" አልኳት፣ እንደ ዳኛ ተኮፍሼ።

"ኤ ሌ ሌጂ ዴሎ ስታቶ!"

የአገሪቱን ሕጎች። አንድ ሳንቃ በር መሀል ላይ አለ። ወዲያ ማዶ ልዕልቲ ተንጠልጥላ ትሰማለች። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቤቱ ኮንትራት በማን ስም ነው? በእማዬ። ካራቢኒየሪ ፖሊሶች ቢመጡ የሚጠሩት ማንን ነው?

አራት ቀን ብቻ ነው የቀረው። ደርቆ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ ዮሲ ቤት ይሄዳል። አራት ቀን...

መስከረም 27፣ እሑድ፣ መድኃኔዓለም

አለቀልኝ።

እማዬ ለምስጋና አባ ወልደንኪኤልን ቤት ጠራቻቸው። ለኔ የነገረችኝ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ አውቶቡስ ላይ! አባ እንደገቡ አንድ ጣሳ ውኃ ላይ ጸለዩ። ከዚያ ቤቱን ጸበል ሊረጩ ተነሡ። ኩሽና። መኝታ ቤት። መታጠቢያ ቤት። እኔ ሪፖስቲሊዮው በር ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜአለሁ።

"ይህስ?"

"ይሄ... መጥረጊያ ነው አባ።"

"ታዲያ መጥረጊያ በረከት አይሻም? ክፈት ልጄ።"

"ይሸታል አባ፣ ጫማዬ..."

እማዬ ከኋላ ሆና፣ "ክፈትላቸው እንጂ! ምን ይገትርሃል!"

ከፈትኩ። ጨለማ ነው፣ እማዬ ከኋላችን ናት፣ አባ ደግሞ ሰፊ ናቸው፣ በሩን ሞሉት። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱ። ዘወር ብለው አላዩኝም። ከዚያ መርጨት ጀመሩ... ሌላው ክፍል ሦስት ጊዜ ከሆነ፣ እዚህ እንጃ፣ አሥር? አሥራ አምስት? ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ። የተረፈውን በጣሳው ሙሉ፣ ሿ! በሩን ራሳቸው ዘጉት።

"ይቺ ክፍል ጠምቷት ነበር" አሏት ለእማዬ።

እማዬ ደስ ብሏት እንባዋ መጣ።

መስከረም 28፣ ሰኞ

ዮሲ መጣ። ነገሩን ነገርኩት። በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ።

"ማ ዳይ! በፀጉር ማድረቂያ አድርቀው፣ ምን ችግር አለው?"

"ጸበል ነው እኮ።"

"ውኃ ነው።"

"ጸበል ነው!"

"አንተ? አምና የቄሱን መቋሚያ ሴቶች መጸዳጃ ቤት የደበቅከው አንተ?"

እውነቱን ነው። እኔ ምን ነክቶኝ ነው? እሱ ከሄደ በኋላ ትንሽ ቆርሼ ጠቀለልኩ። ጣሪያ ወጣሁ። ወደ አፌ ሳስጠጋው ከንፈሬ ራሱ "በስመ አብ" አለ። በስመ አብ ተብሎ የሚጨስ ነገር አለ? መልሼ ፈታሁት።

አይጨስ። ለሰው አይሰጥ፤ ለዮሲ ከሰጠሁት ያጨሰዋል፣ ኃጢአቱ የኔ ነው። ሞኔዛ ውስጥ ልጣለው? ጸበል የነካ ነገር ቆሻሻ መጣያ አይገባም፤ ይሄን ጆሮዬን ሲጠመዝዙኝ ነው የተማርኩት። እንግዲህ ምን ይሁን? ሦስቱ እህትማማቾች መነኮሱ።

ጥቅምት 1፣ ሐሙስ

ሻገተ። ልዕልቲ ላይ ነጭ ሽበት ወጥቷል። ሽታው ሎሚም ጥድም አይደለም አሁን፣ እርጥብ ምድር ቤት ነው።

ይሄ ይሁን። ሌላ አለ።

ሐሙስ ከሰዓት እማዬ ዕረፍት ናት። ደረጃው ላይ ሲኞር ብሩኖ አስቆማት። ከታችኛው ፎቅ፣ ጡረታ የወጣ የከተማ ፖሊስ። እኔ ከላይ ከደረጃው መታጠፊያ ሆኜ ሰማሁ። ሽታው ከናንተ ቤት ነው፣ እስከ ሰኞ ካልጠፋ ሰው እጠራለሁ አላት።

እማዬ ይቅርታ ጠየቀችው። ስለ እግሬ። "ሚዮ ፊሊዮ" አለች፣ ልጄ፣ እግሩ ሕመም አለበት፣ ኮምጣጤ እያደረግኩለት ነው፣ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ... ስኩዚ፣ ስኩዚ፣ ሲኞር ብሩኖ። ስትናገር አንገቷን ሰበር አድርጋ ነበር። ኩዌስቱራው መስኮት ፊት እንደዚያ ነው የምትቆመው።

በሌላ ጊዜ በሳቅ እሞት ነበር። ሕንጻው ሁሉ ለኔ እግር ሊያዝን ነው! አልሳቅኩም። ለምን አልሳቅኩም?

ገብታ የላስቲክ ከረጢቷን እንኳ ሳታስቀምጥ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ፊት ቆመች።

"ጁሮ ዲ ኤሴሬ ፌዴሌ..."

"እማ፣ ትንሽ ቁጭ በይ።"

"አሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረኝ ኤፊ። አሥራ ሦስት ቀን ከሰው አታጣላኝ፣ እሺ የኔ ልጅ? ከዚያ እንደፈለግክ።"

ጥቅምት 2፣ ዓርብ

አባ ከሰዓት ቪያ ቮልቱርኖ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ሻይ እንደሚጠጡ አውቃለሁ። ሄድኩ። ስኳር አራት ማንኪያ ነው የሚያደርጉት።

"አባ፣ አንድ ጓደኛዬ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው..."

"ተቀመጥ። ጓደኛህ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ጸበል የነካው ነገር ካለውና... ካበላሸው፣ የት ነው የሚጣለው?"

"አይጣልም። የሰው እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል።" ሻያቸውን አማሰሉ። "ለጓደኛህ ንገረው። እኔ እዚህ አገር ስገባ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣ የስደተኛ ካምፑ ውስጥ፣ አሥራ አራት ወር ኖሬአለሁ። በአንድ ክፍል ስምንት ጎረምሳ። አፍንጫ አለኝ።"

ፊቴ ጋለ።

"አውቀው ነው እንዴ የደፉበት አባ?"

"ብነጥቅህ ሌላ ትተክላለህ። ለእናትህ ብነግራት መሐላዋን በለቅሶ ትምላለች። አሰብኩ... ይህ ልጅ ምን ይፈራል? ፖሊስ አይፈራ። እናቱን አይፈራ። ግን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።" ሳቁ። ጥርሳቸው ሁለት ነው የቀረው። "መቋሚያዬንም ሴቶች መጸዳጃ ቤት አግኝቼዋለሁ።"

አሾፉብኝ! እኔን! በጣሳ ሙሉ ጸበል! እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ላይ ሰማዩ በወፍ ተሞልቶ ነበር። እነዚያ በጥቅምት የሚመጡት ጥቋቁሮች። አንድ ትልቅ ጨርቅ ሆነው ይዘረጋሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ጭስ ይሆናሉ፣ መልሰው ይሰበሰባሉ። ሰው ሁሉ ኩስ ፈርቶ ጃንጥላ ይዘረጋል። እኔ መሀል መንገድ ላይ አንጋጥጬ ቀረሁ። ምንም ሳላጨስ እንዲህ ካየሁ ያ ቅጠል ምን ሊጨምርልኝ ነበር? ... ትንሽማ ይጨምር ነበር።

አንዷ ትከሻዬ ላይ አራችብኝ። የአባ ወገን ናት።

ጥቅምት 3፣ ቅዳሜ

ቀብር ተፈጸመ። ጣሪያው ላይ፣ በተወለዱባቸው ባልዲዎች ውስጥ፣ ግንዱም ፍሬውም ተቆራርጦ፣ ከሥር። ባልዲ ውስጥ ማን እግሩን ያስገባል? አፈር ስመልስባቸው ዮሲ በስልክ "ፓዞ! እብድ!" እያለ ይሰድበኝ ነበር። ለልዕልቲ አንድ "አባታችን ሆይ" ደገምኩላት። ግማሹን። የቀረውን ሳቅ አቋረጠኝ።

ሪፖስቲሊዮውን በሳሙና አጠብኩት፣ በሩን ከፍቼ ተውኩት። መጥረጊያው ብርሃን አየ።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

እማዬ ሰማያዊ ቀሚሷን፣ ከላዩ ነጠላ። ሔራን ፀጉሯን ለመተኮስ አንድ ሰዓት። ሙኒቺፒዮው ውስጥ ባለ ሦስት ቀለም መታጠቂያ ያደረገች አስምላ ሴትዮ። ከእማዬ በፊት አንድ የፔሩ ሰው ማለ፣ ሚስቱ አለቀሰች፣ እኔም ትንሽ... አቧራ ነው።

እማዬ ተነሣች። "ጁሮ ዲ ኤሴሬ ፌዴሌ አላ ሬፑብሊካ፣ ኤ ዲ ኦሴርቫሬ ላ ኮስቲቱሲዮኔ..." ጥርት ያለ። ከዚያ ቆመች። ረሳችው! ከኋላ ሆኜ በከንፈሬ "ኤ ሌ ሌጂ" አልኳት። እሷ ግን ሴትዮዋ ወረቀቱን ስትጠቁማትም አላየችም። ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። ረጅም። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ተመልሳ፣

"ኤ ሌ ሌጂ ዴሎ ስታቶ" አለች።

ተጨበጨበ። ሲኞር ብሩኖ አበባ ልኮ ነበር፣ እግሬ ስለዳነ እንኳን ደስ ያላችሁ ከሚል ካርድ ጋር። እማዬ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስንመለስ ትሬኒኖው፣ ትንሿ ባቡር፣ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ጫማዋ ጠቧት አውልቃዋለች።

"እግርህ ዳነ" አለችኝ፣ በመስኮት እያየች።

"ዳነ እማ።"

"ኮምጣጤው ነው?"

"ኮምጣጤው ነው።"

"አሎራ፣ ጥሩ።" ሁለት ፌርማታ አለፈ። "ደግሞ ቢጀምርህ ኮምጣጤ አልገዛም። አባን ነው የምጠራቸው።"

አየኋት። አሁንም በመስኮት ነው የምታየው፣ ጉንጯ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ አፍና። ስንት ቀን ነው ያፈነችው? ያኔ ደረጃው ላይ ይቅርታ ስትለምን ታውቅ ነበር? ... አልጠየቅኳትም። ጭንቅላቴን ትከሻዋ ላይ ጣልኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያላደረግኩት ነገር ነው። ሔራን ቪዲዮ ቀረጸች።

ቤት ስንደርስ ጣሪያ ወጣሁ። ልዕልቲ ላይ አንድ ሰው ጤና አዳም ተክሏል። አፈሩ እርጥብ ነው። የሚይዝ ይመስላል።

ማስተካከያ፦ መስከረም 19 ቀን የወጣው የሐዘን መግለጫ ትንሽ ተጋኖ ነበር። ሦስት ባልዲ ቅጠል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ይሄን ሁሉ ገጽ የሚያስፈጅ ነገር አልነበረም።