በታሸገው ላቫጆዬ ውስጥ ስለቀረችው የመሥሪያ ቤትዎ መኪና

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ላቫጆዬን ካሸጉልኝ ወዲህ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ የነበረው እጄ እንደ ሙሽራ እጅ ለስልሷልና፣ ለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን አስቀድማለሁ።

ሕጉን እንደማልጠላ ይታወቅልኝ። ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ የሚወርደው በገዛ ደጄ በሚያልፈው ቦይ ስለሆነ፣ ሽታው ከመሥሪያ ቤትዎ በፊት የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው። ቅሬታዬ ከዚህ በታች ያለው ብቻ ነው።

1ኛ. የኮንክሪት ማጣሪያ ጉድጓድ እንድሠራ አዘዙኝ። ዋጋ የጠየቅሁት ግንበኛ ላቫጆውን ከነጎማው፣ ከነስፖንጁ፣ ከነባለቤቱ ብሸጠው እንደማይሞላ ነገረኝ። የሠፈሩ ላቫጆዎች ተዋጥተን አንድ የጋራ ማጣሪያ እንሥራ ብንል፣ መመሪያው የጋራ ስለሚባል ነገር አያውቅም ተባልን። ዕቁቤን ለምኜ ቀድሜ አውጥቼ ልቆፍር ስነሣ ደግሞ፣ ቀበሌው ቤቱ ለመልሶ ማልማት ስለሚፈርስ መቆፈር ክልክል ነው አለኝ። እንግዲህ መቆፈር በእርስዎ ዘንድ ግዴታዬ፣ በቀበሌው ዘንድ ጥፋቴ ነው።

2ኛ. ከሲሚንቶ ፋብሪካ የሚጠየቀውን የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ከእኔም ጠይቀው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ክፍያውን አስቀድመው የተቀበሉት አጥኚ በግቢዬ የሚኖሩ የዱር እንስሳትን እንድዘረዝር ጠይቀውኝ አንዲት ድመት አስመዝግቤያለሁ፤ እሷም የጎረቤቴ የጥሩዬ ናት።

3ኛ. የመሥሪያ ቤትዎ ሾፌሮች አርብ ጠዋት መኪና አስገብተው፣ ቁልፉን ለሠራተኞቼ ትተው ቁርስ መሄድ የቆየ ልማዳቸው ነው። ላቫጆዬ በታሸገባት አርብም ሾፌሩ አቶ ታዲዎስ የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ አስገብተው ፍርፍር ሊበሉ ሄዱ። ሠራተኞቼ ዘሪቱና ጃለኔ መኪናዋን ታርጋዋ እስከማይታይ በአረፋ እንደሸፈኗት፣ የእርስዎ አሻጊ ቡድን በእግሩ ደረሰ። የመኪናዋን ማንነት ላስረዳ ብሞክር፣ የቡድኑ መሪ አቶ ዳግም በሥራ ላይ እያሉ ከባለጉዳይ ጋር እንደማይነጋገሩ ገልጸው፣ ሁላችንንም አስወጥተው፣ በሩ ላይ «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ለጥፈው፣ ማኅተም መትተው ሄዱ። አቶ ታዲዎስ አፋቸውን እየጠረጉ ሲመለሱ የተቀበላቸው ይኸው ወረቀት ነው።

4ኛ. ትናንት ደግሞ መኪናዋን በአስቸኳይ እንዳስረክብ ጽፈውልኛል። ትእዛዝዎን ለመፈጸም ብጓጓም፣ እሽጉን የቀደደ በሕግ እንደሚጠየቅ ራስዎ ከማኅተሙ ሥር ጽፈዋል። እሽጉ የሚነሣው ማጣሪያው ሲሠራ ነው፤ ማጣሪያው የሚሠራው ቀበሌው ቁፋሮ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ የእኔና የመኪናዎ ጉዳይ አንድ ሆኗል። ለእኔ ሲሉ ያልጠየቁትን ፈቃድ ለመኪናዎ ሲሉ ከቀበሌው ቢያስገኙ፣ እኛም በእርሷ ጥላ ተከልለን ወደ ሥራችን እንመለስ ነበር።

ቀልዱን ለአንድ አፍታ ልተወውና፣ ዘሪቱ ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ ሥራ የላትም። ጠዋት ጠዋት ለገሃር ቆማ የቀን ሥራ ትጠብቃለች። ባዶ እጇን ስትመለስ በደጄ ታልፋለች፤ እኔም ሳታየኝ ወደ ቤት እገባለሁ። በዚህ በጣም ተናድጃለሁ፤ የተናደድሁትም በእርስዎ ነው።

ዘመንዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ መንገድዎም መኪናዎ እስክትወጣ ድረስ ለእግር የተመቸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

አልጋነሽ ቢቂላ
የታሸገ ላቫጆ ባለቤትና የመንግሥት ንብረት ያለደመወዝ ጠባቂ

የተረሳ ነገር፦ ጥሩዬ ድመቷን ስትፈልግ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ እንደነገረችኝ፣ ከመኪናዎ ሥር የሞተር ዘይት እየተንጠባጠበ ነው። ገብቼ ጣሳ እንዳልደቅንበት እሽግዎን አከብራለሁ። በካይን የጠቆመ ዜጋ እንደሚመሰገን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አንብቤያለሁና ምስጋናዬን እጠብቃለሁ፤ ላቫጆው ከታሸገ ወዲህ ከዚህ ግቢ ወደ ቦዩ የሚወርደው ዘይት የእርስዎ ብቻ ነው።