በግንቡ ላይ ስለነበረው የጠርሙስ ስባሪና ስለ መዝገቡ ቃል

ይድረስ በጎሬ ለምትኖሪው እህቴ ለየዓለምወርቅ፤

ጎረቤቴ መዝገቡ ቃሌን ቆርጦ ጻፈብኝ። በዚህም አሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ፤ ወደ አንቺ የምመጣበትን የይለፍ ወረቀትም ተከለከልኩ። ይህን ያስቀደምኩት ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው እንጂ ሰላምታሽን ረስቼ አይደለም።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? የቀኝ ዓይንሽ አሁንም ሰው ይለያል ወይ? እንቅልፍሽስ? ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ልጅሽ ጸሐይስ ደኅና ናት? ባለቤትሽ ኢታና ወገቡ ተሻለው ወይ? እኔና ብርቅነሽ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነን፤ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ፊትህን ልይ» ብለሽ ያስጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ትራሴ ሥር ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶቪየትና አሜሪካ የኑክሌር ሚሳይላቸውን ሊያጠፉ ተፈራረሙ ተብሎ፣ በታኅሣሥ መግቢያ በቀበሌያችን የእሑድ ውይይት ተጠራ። ርዕሱ «አሜሪካ በውሉ ትታመናለች ወይ?» የሚል ነበር። ካድሬው ብዙ ተናገረ፤ ተጨበጨበ። እኔ እጄን አውጥቼ ጥያቄው ተሳስቷል አልኩ። ሁለቱም አይታመኑ፣ ሁለቱም ይታዩ፤ በሬዲዮ እንደሰማሁት የአንዱ ሰዎች ሌላው አገር ገብተው ሚሳይሉ ሲሰበር ቆመው ሊያዩ ተዋውለዋል፤ ውሉን ውል የሚያደርገው ይኸው ነው እንጂ ፊርማው አይደለም አልኩ። ካድሬው፣ አባባ፣ የተጠየቀው አሜሪካ ትታመናለች ወይ ነው ቢለኝ፣ ሰምቻለሁ፣ መልሴም ያው ነው አልኩት። ከኋላ አንዱ፣ እኚህን ሽማግሌ ዋሽንግተን ላኩልን ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔ አልሳቅሁም።

ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው መዝገቡ ነው። «ዓምሃ ሶቪየት አትታመንም አለ» ብሎ ጻፈ። አሜሪካንም አወጣት፣ መታየቱንም አወጣው። ማክሰኞ ጠዋት መጥተው ወሰዱኝ። ያልከውን ድገም ሲሉኝ ያንኑ ደገምኩ። ይቅርታ ጠይቅ ሲሉኝ አልጠየቅሁም። እኔ ፊደል የለየሁት በዊንጌት ትምህርት ቤት አትክልተኛ ሆኜ ተማሪ ከጣለው ደብተር ላይ ነው፤ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ ብዬ የምፈርምበት ፊደል አልተማርኩም። ከተፈታሁ በኋላ ለጉዞ ብጠይቅ፣ ቃለ ጉባኤው ካልታረመ የይለፍ ወረቀት የለም አሉኝ።

መዝገቡ ለምን እንዲህ አደረገ ትይ ይሆናል። እውነቱን ልጻፍ። በመካከላችን ያለውን ግንብ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ዶሮዎቹ እየዘለሉ ጎመኔን ስለጨረሱት። እሱ በበኩሉ ባለው ጠርዝ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተከለ። እኔ በበኩሌ እሾሃማ ሽቦ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ እግዜር ይስጥልኝ ተባብለን አናውቅም።

አሁን ሽማግሌ ሆኖ የገባው ሾዴ ነው፤ ያንቺን ጋቢ የሠራው ሸማኔ። ስባሪውም ሽቦውም ይነሣ፤ መዝገቡ በስብሰባው ፊት ቆሞ ቃሌን እንደተናገርኩት ያስተካክል፤ እኔም ይቅር ብዬ ነገሩን ዳግም አላንሣ ሲል ፈረደ። ሁለታችንም እሺ አልን።

ትናንት ዓርብ እኔ መዶሻ፣ እሱ ጉጠት ይዘን ወጣን። እሱ አንተ ጀምር አለኝ፤ እኔ አንተ ጀምር አልኩት። የግንቡ ጥላ አልቆ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትወጣ ቆምን። ሾዴ በመጨረሻ፣ እናንተ ሥራ የላችሁም፣ እኔ ግን ያልጨረስኩት ሸማ አለኝ አለና፣ የሱን አንተ አንሣ፣ ያንተን እሱ ያንሣ ብሎ ገላገለን። እሱ ወደ እኔ ግቢ ገባ፤ እኔም ወደ እሱ ግቢ ገባሁ።

እህቴ፣ ግንቤን ከወዲያ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። በእኔ በኩል ቀጥ ያለ ነው። በእነሱ በኩል ግን ሆዱ ተነፍቶ ሊወድቅ ደርሷል፤ በሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ደግፈውታል። የመዝገቡ ሚስት ደሳለች የምታበስለው ከሥሩ ነው። ለምን አልነገራችሁኝም ብላት፣ ብንነግርዎ ይሰሙን ነበር? አለችኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ ስባሪውን አነሣሁ።

ዛሬ የማርያም ንግሥ ነው። ሕዝቡ ከእንጦጦ እየዘፈነ ሲወርድ እኛ በሾዴ ቤት ታረቅን። የእኔ ዝምታ ከዛሬ ጀምበር መጥለቂያ ይጀምራል፤ የመዝገቡ ቃል ግን ነገ በእሑዱ ስብሰባ ነው። ቀድሜ የምፈጽመው እኔ ነኝ ማለት ነው። ነገ ቢክድስ? ሚሳይል ሲሰበር ይታያል፤ የሰው ሆድ በምን ይታያል? ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከበሩ ወደ ግንቡ፣ ከግንቡ ወደ በሩ ስመላለስ፣ ብርቅነሽ ቁጭ በል፣ መሬቱ አለቀ አለችኝ። መዝገቡን አሁንም አላምነውም። ነገር ግን እኔም ሌላ ሰው በቆመበት ቆሜ ሳላይ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀጥ ያልኩ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ቀድሜ እፈጽማለሁ። የይለፍ ወረቀቱን ሰጡኝም ከለከሉኝም፣ ሰኞ ግንቡን ወደ ድሮው ቁመቱ አወርደዋለሁ። ወረቀቱ ከተሰጠኝ በዚያው ሳምንት እነሣለሁ፤ ዓይንሽ ይጠብቀኝ።

ለኢታና የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ከባድ ነገር አያንሣ። ጸሐይ ስላነበበችልሽ ትመረቅ። ታናሿን ሙሉን ሳሚልኝ። ብርቅነሽ ሁላችሁንም ትስማለች።

ይህን ደብዳቤ አስቀምጪው፤ ተቆጣጣሪዬ አንቺ ነሽ። ከዚህ በኋላ በምልክልሽ ወረቀት ሁሉ ጸሐይ ትፈልግ፤ አንዲት ቃል ስለዚህ ነገር ካገኘች ይህን ፊቴ ላይ ዘርጊው። መዝገቡ ነገ ተናገረ ወይስ ዝም አለ ብለሽም አትጠይቂኝ፤ መምጣቴን ወይም መቅረቴን ታያለሽ። ጀምበሯ ከባሕር ዛፉ ሥር ገብታለች። እኔ ስለዚህ ነገር እስክሞት ድረስ አልናገርም።

ወንድምሽ ዓምሃ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ፣ ጥር 21 ቀን 1980 ዓ.ም.