ሌሎችን የላከው ሐዋርያ

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለያየን ሦስት ክረምት አለፈ። ክረምት ማለቴም ለወጉ ነው፤ ሁለቱ ዝናብ አልነበራቸውም። አንተን ስንቀብርህ ማሳው ለምለም ነበር፤ አሁን ከአምባሰል ግርጌ እስከ ሐይቅ መሬቱ አመድ መስሏል። በሬዎቻችን አልቀዋል። እማዬ ከስታለች፣ ግን አለች። እኔም ሐይቅ ማስተማሬን አልተውኩም፤ የተማሪዎቹ ወንበር ነው በየሳምንቱ ባዶ የሚሆነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ድርቁ አይደለም፤ ስለ መኮንን ነው። ወላጆቹ ሲሞቱበት ቤታችን ያስገባኸው፣ ፊደል ያስቆጠርከው፣ ቅስና ሲቀበል በደስታ ያለቀስክለት መኮንን። አንተ ከሞትክ በኋላ የደብራችን ቄስ ሆኖ በቦታህ የቆመው እሱ ነው።

አንድ ማታ ከቆላ ታመው የሰነበቱ ሰዎችን ጠይቀህ ስትመለስ እግርህን እያጠብኩ፣ ይህን ሁሉ ዳገት ለምን ራስህ ትወጣለህ፣ ዲያቆን አትልክም ወይ ብዬህ ነበር። መኮንን መብራቱን ይዞልን ቆሟል። አንተም፣ «ልጄ፣ ሐዋርያ ማለት ሂያጅ ማለት ነው። የታመመ ካለበት፣ የተጣላ ካለበት በገዛ እግሩ የሚደርስ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ሰው የሚልክማ ሹም ነው» አልከኝ። መኮንን ሰምቶሃል፤ አጠገባችን ነበር።

ዘንድሮ ካድሬዎች ከውጫሌ መጥተው ለሰፈራ ሂዱ ብለው ሰበሰቡን። ሰው አንገቱን ደፋ፤ ማንም እሺ አላለም። ከዚያ መኮንንን አስጠሩት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እሁድ ቅዳሴ እንዳለቀ ግን ስለ ሐዋርያት ይሰብክ ጀመር። መረባቸውንና ቤታቸውን ጥለው እንደሄዱ ከተረከ በኋላ፣ እናንተም ተጠርታችኋል፣ መኪናው ላይ የወጣ ጥሪውን ተቀበለ አለ። ካድሬው አጥሩን ተደግፎ ያዳምጣል። በመጨረሻም አባቴ ቄስ ይመር ቢኖሩ ይህንኑ ይነግሯችሁ ነበር ብሎ አንተን ጠራ። ስምህ ከዚያ አፍ ሲወጣ ምራቄ መረረኝ።

ጎረቤታችን እታጉ ያመነችው አንተን ብላ ነው። ባሏ ደምሴ እህል ፍለጋ ደሴ ወርዶ ነበር። እስኪመለስ ጠብቂ ብዬ ለመንኳት። ልጆቿ በረሃብ እያለቀሱ እንደሆነ፣ ቄስ ይመር ያሳደጉት መኮንን ደግሞ እንደማይዋሻት ነገረችኝ። ከነልጆቿ በጭነት መኪና ወሰዷት። ደምሴ ትንሽ ስንዴ ተሸክሞ ሲመጣ ቤቱን ባዶ አገኘው። መኮንን ዘንድ ሄዶ ወዴት እንደወሰዷት ቢጠይቀው እግዚአብሔር ያውቃል አለው። እሷን ፍለጋ አብሮት እንደገና ወደ ደሴ የወረደው ያንተ ወዳጅ ጋሽ ሰይድ ነው፤ እሱም በባዶ አንጀቱ። ሰው እየጠየቁ ሰፋሪዎች የሚያርፉበትን መጠለያ ሁሉ ዞሩ። መኪናዎቹ ወደ ምዕራብ ካለፉ ቆይተዋል ተባሉ። ብቻቸውን ተመለሱ።

እኔም መኮንን ቤት ሄድኩ። የእርዳታ ስንዴ ከግድግዳው ጥግ ተደርድሯል። ምሳ እየበላ ነበር፤ ከንፈሩ በቅባት ያብረቀርቃል። ብይ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ቆሜ፣ «አንተስ መቼ ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«እኔማ እዚህ ታስፈልጋለህ ተብያለሁ። የእኔ ጥሪ መላክ ነው» አለኝ፤ አላፈረም፣ ማኘኩንም አላቆመም።

አባዬ፣ እንባ አልመጣልኝም። ደጁ ላይ ወጥቼ አጥሩን ይዤ አስመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ከሩቅ ስሰማ እንኳ ማቅለሽለሹ ይነሳብኛል። ቅዳሴ ለመስማት ሌላ ደብር እሄዳለሁ።

እማዬ ግን ካህን እኮ ነው፣ ተይው እያለች ስትቆጣኝ ከረመች። በሙት ዓመትህ ጥቂት ሰው መቃብርህ ላይ ተሰበሰብን። መኮንን ሳንጠራው ካባውን ደርቦ መጣ። ፍታት አድርሶ ሲጨርስ መስቀሉን ወደ እማዬ አፍ አቀረበ። እድሜዋን ሙሉ መስቀል አይታ ሳትሳለም ያላለፈችው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበችና ፊቷን ወደ ደምሴ አዞረች። መኮንን የዘረጋውን መስቀል መልሶ፣ ካባውን ሰብስቦ ወረደ። ማንም አልሸኘውም። ጋሽ ሰይድ መቃብርህ ዳር እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገልህ፤ እማዬም አሜን አለች።

እኔ እያለሁ ስምህ የማንም ማታለያ ሆኖ አይቀርም። ማን እንደነበርክ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። የእታጉንና የልጆቿን ስም ከስምህ ጋር በየጸሎቴ እጠራለሁ፤ አንተን ብለው ነውና የሄዱት።

ልጅህ