አንድ ድንጋይ እንዳይጨመርበት ስለተጠበቀው ክምር

…እና እናቴ ድንጋዩን ከእርሻችን ድንበር ፈንቅላ ስታወጣው ከሥሩ እርጥብ ነበር፤ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው፣ የልጅ አፍንጫ እንደሚጠረግ፣ ከዚያም ቀና ብላ አይታኝ ምን እንዳለች — ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለክቡር ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም።

ይድረስ ለተከበሩ የቅርስ ጥበቃ ኃላፊ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የደጋው ብርድ ጉልበትዎን አልያዘዎትም ወይ? እኛ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በጨው በር ሚካኤል አጥቢያ የምንኖር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እርስዎ ከጠበቁልን ወዲህማ ደህና ከመሆን በቀር ሌላ ምንም አልተፈቀደልንም።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል፣ እርስዎ የሚያውቁትን ልድገመው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ ያለው የድንጋይ ክምር የተጀመረው በጣሊያን ጊዜ ነው። በሊማሊሞ ገደልና በዛሪማ በረሃ ወድቀው አስከሬናቸው ላልተመለሰ አርበኞች፣ ቤተሰቦቻቸው ከየእርሻቸው አንዳንድ ድንጋይ እያመጡ አኖሩ። ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም ጠርቶ ጸለየበት፤ እናቲቱም ያን ቀን አልቅሳ እርሟን አወጣች። ከዚያ ወዲህ ዘምቶ ያልተመለሰ ሁሉ፣ በየትኛውም ዘመን ይዝመት፣ በዚሁ ሥርዓት ገብቷል። ስም አይጻፍበትም። የቱ ድንጋይ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ያመጣው ሰው ነው። ድንጋዩ ከመግባቱ በፊት ግን ለቅሶ አይቀመጡም። ለቅሶ ካልተቀመጡለት ደግሞ ሰውየው… ምን እንደሚባል አላውቅም። ሞተም አይባልም፣ አለም አይባልም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ብረት አጥሩ አመሰግናለሁ። ክምሩን ከእኛ ከልጅ ልጆቹ በሚገባ ከልሎታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ብቻ እንደ ልማዳቸው ዘለው እየገቡ፣ የአያቶቻችንን ድንጋይ እየገለበጡ ትል ሲፈልጉ ይውላሉ። በሰሌዳው ላይ በእጅ መንካት ክልክል መሆኑ ተጽፏል፤ እነሱም እንደኛው ማንበብ ቢችሉ ኖሮ ምንኛ በታዘዙ።

ሁለተኛ፣ ስለ በራሪ ወረቀታችሁ አመሰግናለሁ። ሽፋኑ ላይ ድንጋይ የሚያኖሩት እጆች የእናቴ የዙፋን እጆች ናቸው። ፎቶ አንሺያችሁ የአባቷን ድንጋይ ከክምሩ አስነሥቶ፣ «እማማ፣ አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ፣ ቀስ ብለው፣ ወደ ካሜራው አይዩ» እያለ ፀሐይዋ እስክትስማማው ድረስ ድንጋዩን እያነሣች እንድታስቀምጥ አደረጋት። ከሥዕሉ ሥር «ሕያው ባህል» ተብሎ ተጽፏል። ያን ቀን ማንሣቱም ማስቀመጡም ቅርስ ነበር። ዛሬ ያው እጅ ያንኑ ቢያደርግ በሕግ ያስጠይቃል።

ሦስተኛ። ሦስተኛውን ደጋግሜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

እንዳለው የሚባለው ወንድሜ በቅርቡ ጦርነት ዘመተ። መርዶው መጣ፤ አስከሬኑ አልመጣም። ድንጋዩን ይዘን ስንደርስ አጥሩ ቀድሞን ተተክሎ ነበር። ድንጋዩ አሁን ቤታችን ውስጥ ነው፤ እንዳለው ይተኛበት በነበረው መደብ ላይ። ምግብ ሲቀርብ እናቴ ወደዚያ ታያለች። እኔ እንዳላይ እታገላለሁ፤ ከዚያ አያለሁ። ጎረቤት ሊያስተዛዝን ሲመጣ፣ «ምን ሆንኩና? ልጄ መች ገባና ታስለቅሱኛላችሁ?» ብላ ትመልሳቸዋለች። አላለቀሰችም። አንድም ቀን። በቤታችን ውስጥ ሳልም ሳይቀር ቀስ ተብሎ ነው የሚሳለው።

ለአቤቱታችን ስለ ሰጡን መልስ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ክምሩ የተመዘገበው የጣሊያን ወረራ መታሰቢያ ሆኖ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሞተ ሰው የቅርሱን ይዘት እንደሚያዛባ አስረድተውናል። ወንድሜ ዘግይቶ በመወለዱ በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ወደፊት ስንሞት ዘመኑን አስቀድመን እንጠይቃለን። ለኋለኞቹ ዘመናዊ መታሰቢያ በጥናት ላይ ነው ማለትዎንም ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ጥናት ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መቆየት ማለት ነው አልኳት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋዩን አዝላ ወደ አጥሩ ሄደች። ጥበቃው ዋሴ የአበልጃችን ልጅ ነው፤ በእሷ እጅ በልቶ ያደገ። «እማማ ዙፋን፣ ባስገባዎት የሚባረረው እኔ ነኝ፤ በሚካኤል ይመለሱልኝ» አላት። እሷም፣ «እኔ መች ልግባ አልኩህ፤ እዚሁ እቆማለሁ። ለእሱ ክፈትለት» አለችው። ዋሴ ቁልፉ ከእርስዎ ዘንድ እንደሆነ ነግሯት ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረ። የደብሩ አለቃ አባ ሀብተ ሚካኤል ሲጠየቁ፣ «እኔ የማስረውና የምፈታው ነፍስን ነው፤ ብረትን አልተማርኩም» ብለው መቋሚያቸውን ተደገፉ። ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ክምሩ እንዳይናድም የፊታችን ቅዳሜ ሲሚንቶ እንደሚፈስበት፣ ወዲያውም እንደሚመረቅ ሰምተናል። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ልብዎ ራርቶ ቢፈቅዱልን እንኳ ፈቃድዎ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። ያ ክምር አንድም ቀን አልቆ አያውቅም ነበር፤ ቅዳሜ ያልቃል። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ከቅዳሜ በፊት፣ ለአንድ ጸሎት ያህል ብቻ፣ በሩ ይከፈትልን። ጭላዳ ከምታዛባው አብልጠን አናዛባም።

ከአጥሩ ውጭ በፍጹም ትሕትና ቆሜ፣ እጄን ከአያቶቼ አርቄ፣ በሕይወት በመኖሬ ምክንያት ገና ያልተመዘገብኩ ታዛዥዎ፣

መስከረም፣ የእንዳለው እኅት

ግልባጭ፦
ለደብሩ አለቃ፣ እንዲያውቁት
ለጭላዳዎቹ፣ የመግቢያ ፈቃድ ከማን እንዳወጡ እንዲጠቁሙን

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ በምርቃቱ ንግግርዎ «ልጆቻቸውን ለአገር የሰጡ እናቶች» የሚለው ቦታ ሲደርሱ፣ አንዷ ከብረቱ ወዲያ ስለምትቆም እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉላት። ደብዳቤውን እስከ ፊርማዬ ድረስ አነበብኩላት። «ደግ ጽፈሻል፤ ግን ለገዛ ልጄ ስለምን ትለምኚልኛለሽ?» አለችኝ። እኔም ይህን ማሳሰቢያ ልጽፍ ጎንበስ ብያለሁ። ከኋላዬ፣ መደቡ አጠገብ፣ ማዘያዋን ስታጠብቅ ይሰማኛል። ዞሬ አላየሁም። የቤታችን በር ከኋላዋ ተዘጋ።