የእትዬ አባይነሽ መስኮት

አግማስ፣

በአራተኛው ራኬት እጀታ ላይ የቀባሁት ኮላ ገና አለመድረቁን በታላቅ አክብሮት አስታውቅሃለሁ። የተጫነበትን ድንጋይ እስከ ማታ እንዳታነሳው።

እኔ ኮምቦልቻ እህቴ ሰልዋ ዘንድ ወርጃለሁ። መቼ እንደምመለስ አትጠይቀኝ።

ለቀበሌው ወጣቶች ዐሥር የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ለቅዳሜ ቃል የገባኸው አንተ ነህ። ሞረድ ይዤ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ከዚህች ክፍል አልወጣሁም፤ ብወጣ አከራያችን እትዬ አባይነሽ ደጃፍ ላይ ናቸው።

የኩሽናቸው መስኮት መዝጊያ የጠፋ ቀን “የጦሳ ተራራ ንፋስ ወሰደብኝ” ሲሉ አብረን ሰፈሩን ዞረን ፈለግንላቸው። አንተማ ጉድጓድ ውስጥ ሳይቀር አጎንብሰህ አየህ። መዝጊያው ያኔ አልጋህ ሥር በራኬት ቅርጽ ተቆርጦ ነበር። እኔም ቅንድቤ ላይ ሰጋቱራ ነበረብኝ።

ትናንት እንጨቱ አለቀ ብልህ፣ “መስኮቱ ሌላ መዝጊያ አለው እኮ” አልከኝ። ወላሂ፣ የምሄደው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለተናገርኩህ ነገር...
ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። አሙቀው።

ይህን እየጻፍኩ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አባይነሽ ሁለተኛውን መዝጊያ ራሳቸው ነቅለው ታቅፈውት ቆመዋል። ቅንድቤን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝና፣ “አብዱ ልጄ፣ ይኸው ወንድሙ። ብቻውን ምን ይሠራል?” ብለው ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ሄዱ።

ከላይ ኮምቦልቻ ያልኩትን ሰርዘው። ብርጭቆ ወረቀት ልገዛ ወጥቻለሁ።