ካርዴ ላይ ያለችው ሀያት

ማክሰኞ

ሀያት ማን ናት?

የሰርግ ካርዱ ላይ የኔ ስም አለ፣ የሙባረክ ስም አለ፣ የኒካሁ ቀን አለ። ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ጥቁርና ነጭ ካሬ ጌጥ ናት ብዬ አልፌያት ነበር። ከሱቃችን ጎን ሞባይል የምትሸጠው ራህመት ግን «ኪውአር ኮድ እኮ ነው፣ ውስጡ ጽሑፍ አለ» ብላ ማንበቢያውን አፕ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ዳታ ከተዘጋብን ሰንብቷል። ጽሑፉ እዚያው ካሬው ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም አለችኝ። ካሜራውን ስደቅንበት «ሀያት፣ ዳምቦያ» የሚል ወጣ፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ሌላ ምንም የለም።

ካርዱን ያሳተመው እጮኛዬ ሙባረክ ነው። ሚኒባሱን የሚነዳው ደግሞ የዳምቦያ መስመር ላይ ነው። በየቀኑ! ራህመት ፊቴን አይታ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ረቡዕ

ሙባረክን ጠየቅኩት። ሀያትን አላነሳሁም፣ ካሬዋ ምንድን ናት ብቻ አልኩት። ጌጥ ናት፣ ማተሚያ ቤቱ ነው ያደረጋት አለና ጎማ ሊያይ ከሚኒባሱ ወረደ። ጎማው ምንም አልሆነም። ዓይኔን ማየት ነው ያቃተው።

ስልኩን ሁልጊዜ ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው። ድሮም እንዲሁ ነበር። ቢሆንም።

እማዬ ካርዱ ይታደል እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ቦኖሻ ያሉት አክስቶቼ ቀድሞ ካልደረሳቸው ይቀየማሉ። እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሀያትን በየዘመዱ ቤት ዞሬ በእጄ ላድላት እንዴ? ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ሰርጉ ቢቀርስ?

ሐሙስ

ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ጋሽ ሽኩር ምንም ሳይደብቅ ነገረኝ። ባለፈው የሰርግ ወቅት አንዲት ሙሽራ ካሬዋን ራሷ አምጥታ ካርዷ ላይ አሳተመች። ያየ ሁሉ እንደ እሷ ካርድ ይሁንልኝ ይለዋል። እሱም ስምና ቀን እየቀየረ ካሬዋን እንዳለች ይተዋታል። «የካርዱን አበባስ መች ቀየርኩት?» አለኝ። የሌሎችን ካርድ አወጣልኝ፣ አንድ በአንድ በስልኬ አነበብኩ። ሀያት። ሀያት። እዚህም ሀያት። ሳቄ መጣ።

መንገድ ላይ ግን ጠፋ። ነገሩ ይሄ ከሆነ ሙባረክ ምን አስደነገጠው?

ዓርብ

ለሀያት ደወልኩላት። ሰላምታ እንደጨረስን «ሙሽራ ነሽ?» አለችኝ። እንግዶቿ ቁጥሯን በቀላሉ እንዲይዙት ብሎ ወንድሟ ነው ካሬዋን በስልኩ የሠራላት። ይኸው ከሰርጓ ወዲህ የሰው ሙሽራ ሲያለቅስባት ከረመ። አሁን ነፍሰ ጡር ናት፣ ቁጥሯን ልትቀይር ነው። አፈርኩ። ይቅርታ ብዬ ልዘጋ ስል የሙሽራውን ስም ጠየቀችኝ።

«እሱማ ሰኞ ደውሎልኛል» አለች። «አንድ ተሳፋሪ አንብቦለት ነው። ካርዴ ላይ ምን ትሠሪያለሽ፣ እጮኛዬ ካየችው አለቀልኝ ብሎ ጮኸብኝ።»

ቅዳሜ

ራህመት አዲስ ኮድ ሠራችልን፣ ውስጡ የሁለታችን ስምና የኔ ቁጥር። ጋሽ ሽኩር በነፃ በተለጣፊ ወረቀት አተመልኝ። በአሮጌዋ ካሬ ላይ ስለጥፍ ዋልኩ። እያንዳንዱን አንብቤ አረጋገጥኩ፣ ማንንም አላምንም።

ከዚያ መናኸሪያ ሄጄ ሙባረክን ከሚኒባሱ አስወረድኩት። ከሀያት ጋር ማውራቴን ነገርኩት፣ ለምን ዋሸኸኝ አልኩት።

«እውነቱን ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

«አላምንህም ነበር» አልኩ። እውነት ነው፣ ወላሂ። ምን ብዬ ልዋሽ?

ካርዶቹን ከእጄ ተቀብሎ ከመሪው ጎን አስቀመጣቸው። ነገ ቦኖሻ አብረን እንወስዳቸዋለን። እፎይ ብያለሁ። ግን ይሄን ያህል ትፈራኛለህ እንዴ ብዬ ስጠይቀው እየሳቀ ሞተሩን አስነሳ።